አዲስ ጥይት ባይመጣስ? ያለውን በደሴና በኮምቦልቻ አየር የማቆያ አሠራር

ፋብሪካ ቢቆም፣ መንገድ ቢዘጋ፣ ገበያም ቢደርቅ እቤት ያለው ጥይት ስንት ዓመት ይቆያል? ጥያቄው መልኩን እየቀያየረ ይመጣል። «የአባቴ ምንሽር ጥይት ጠቁሯል፣ ይሠራል?» «ዘይት ልቀባው?» «ቆጥ ላይ ባስቀምጠው ምን አለበት?» ጥይት እንደ ወተት ቀን ቆጥሮ አይበላሽም። ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ የተቀመጠ የፋብሪካ ጥይት አሥርት ዓመታትን ይሻገራል። ቆርቆሮ ሥር ወይም ጋጣ አጠገብ የተጣለው ግን በጥቂት ክረምት አይታመንም። ስለዚህ የሚጠየቀው ዕድሜው ሳይሆን የት እንደኖረ ነው።

መመሪያው ፈቃድ ላለው ሰው ብቻ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የጦር መሣሪያ የሚያዘው በፈቃድ ነው፤ ከፈቃድ ውጭ ጥይት ማከማቸት ያስጠይቃል። ገበያ ሊደርቅ ነው ብሎ ማጋበስ እዚህ አይነሳም፤ ሥራው በፈቃድ የተያዘውን ሳይባክን ማቆየት ነው።

ምኑ ነው የሚበላሸው?

አንድ ጥይት አራት ነገር ነው፦ ሁሉን የያዘው፣ ብዙ ጊዜ ከናስ የሚሠራው ቀፎ ማለትም ቀለሃው፣ ባሩዱ፣ ከፊት ያለው አረር፣ ከቂጡ መሀል ያለችው ክብ መቀጣጠያ። እያንዳንዱ የሚፈራው ይለያያል።

መቀጣጠያዋ ዘይትና እርጥበት ትፈራለች። ጠብታ ዘይት በጠርዟ ሰርጎ ከገባ ልትከሽፍ ትችላለች።

ባሩዱ ሙቀት ይፈራል። ጢስ አልባው ባሩድ ተቀምጦም ቢሆን ቀስ እያለ በራሱ ይፈርሳል፤ ሲፈርስ የሚወጣው አሲድ ደግሞ መፍረሱን ያፋጥነዋል። ፋብሪካው ይህን አሲድ የሚይዝ ማረጋጊያ ይጨምርበታል። ማረጋጊያው ግን መጠኑ የተወሰነ ነው፣ ያልቃል። እንደ ግምት ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የማለቁ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል።

ቀለሃው አሞኒያ፣ ጨውና አሲድ ይፈራል። አረሩ ራሱ ብዙም አይጎዳም፤ የሚላላው አንገቱ ላይ የተያዘበት ቦታ ነው።

ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ቅዝቃዜዋ ለባሩዱ ይመቻል፣ ጉሙና የክረምቱ ዝናብ ግን ቀለሃውን ይበላል። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ብትሆንም ሞቃት ናት፤ እዚያ የሚጎዳው ባሩዱ ነው። ከሁለቱ የደሴው ይቀላል፤ እርጥበትን በጎማ ክዳን ዘግቶ ማስቀረት ይቻላል፣ ሙቀትን ግን ክዳን አያስቀረውም። የኮምቦልቻ ሰው ከሣጥኑ በፊት ስለሚያስቀምጥበት ክፍል ያስብ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ክዳኑ ዙሪያውን ጎማ ያለው የብረት ሣጥን። ከሌለ አፉ በደንብ የሚገጥም ወፍራም የፕላስቲክ ባልዲ፤ የቀለም ባልዲ ከሆነ ታጥቦ፣ ሽታው እስኪጠፋ ፀሐይ ላይ የሰነበተ ይሁን።
- ሲሊካ ጄል፣ ማለትም በአዲስ ጫማና ቦርሳ ውስጥ የሚገኘው የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት። ለ10 ሊትር ሣጥን 100 ግራም ያህል ይበቃል።
- ንጹህና ደረቅ የጥጥ ጨርቅ፣ ነጭ አንሶላ፣ የእጅ ባትሪ።
- ደረቅ ካርቶን፣ የማይለቅ እስክሪብቶ፣ የሚለጠፍ ወረቀት።
- ሁለት ቁልፍ፦ አንዱ ለመሣሪያው፣ ሌላው ለጥይቱ።
- አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው። ሣጥን ውስጥ አይገባም፤ ለምን እንደተፈለገ በ8ኛው ደረጃ ይመጣል።

አሠራሩ

1. መሣሪያውን ባዶ አድርጉ። መጀመሪያ ካዝናውን አውጡ፣ ቀጥሎ የተቀባበለውን አውጡ፣ ከዚያ በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ የተቀባበለውን አውጥታችሁ ካዝናው ሳይወጣ ብትለቁት ሌላ ጥይት ይጎርሳል። ልጆች፣ ከሰል ምድጃና ሲጋራ ከክፍሉ ይውጡ። ነጩን አንሶላ ጠረጴዛ ላይ አንጥፉ፤ ነጭ የሆነው የፈሰሰ የባሩድ ቅንጣት እንዲታይ ነው።

2. በዓይነትና በማህተም ለዩ። ቀለሃው ቂጥ ላይ የፋብሪካ ምልክትና ብዙ ጊዜ የተሠራበት ዓመት ታትሟል። አንድ ዓይነት ማህተም ያላቸውን አንድ ላይ አድርጉ። አንድ ምድብ ውስጥ ሁለት ሦስት ቢከሽፉ ምድቡ ሁሉ ይጠረጠራል፤ ከተቀላቀለ ግን የትኛው እንደከዳችሁ አታውቁም።

ስም አትመኑ። «ምንሽር» የሚባሉት ሁሉ አንድ ዓይነት ጥይት አይጎርሱም። ክላሽም ቢሆን 7.62 በ39 ሚሊ ሜትር የሚጎርስ አለ፣ 5.45 በ39 የሚጎርስም አለ። መሣሪያው ላይ የተመታውና የጥይቱ ልክ ካልተገናኙ፣ ወይም አንዱ ካልተነበበ፣ ጥይቱ ለዚያ መሣሪያ አይደለም። «ገብቶለታል» ማለት «ይሆነዋል» ማለት አይደለም፤ ትክክለኛ ያልሆነ ጥይት በርሜል ይቀድዳል፣ ፊትም ያቃጥላል።

3. አንድ በአንድ መርምሩ። ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው፣ አትቸኩሉበት። ጥይቱን በባትሪ ብርሃን እያዞራችሁ ቂጡን፣ ገላውን፣ አንገቱን እዩ፤ ከዚያ አረሩን በሁለት ጣት ይዛችሁ ለማዞር ሞክሩ። ሦስት ክምር ይወጣል።

*ደህናው፦* የናሱ ወዝ ቢጠፋም፣ ቢጠቁርም፣ ቡናማ ቢመስልም ገላው ለስላሳ የሆነ። መጥቆር ብቻውን በሽታ አይደለም፤ ናስ ሲያረጅ እንዲያ ነው። ብዙ ሰው የሚጥለው ይህን ነው፣ በከንቱ።

*ቀድሞ የሚወጣው፦* አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ይዞ በደረቅ ጨርቅ ሲጠረግ የሚለቅ፣ ከሥሩም ጉድጓድ ያልተወ። ዛሬ ይሠራል፣ ለረጅም ጊዜ ግን አታስቀምጡት።

*የማይተኮሰው፦* ዱቄቱ ተጠርጎ ሥሩ በጥፍር የሚታወቅ ጉድጓድ ያለው፤ አንገቱ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያለው፤ አረሩ በጣት የሚዞር ወይም ከሌሎቹ ወደ ውስጥ የገባ፤ መቀጣጠያዋ አረንጓዴ የለበሰች ወይም ከቂጡ ወጣ ያለች፤ ትከሻው የተጨፈለቀ፤ የብረት ቀለሃ ከሆነ ዝገቱ እንደ ቅርፊት የሚነሳ። ጎርፍ የገባበትም ውጩ ቢያምር እዚሁ ነው።

አረሩ ወደ ውስጥ የገባው ለምን እንዲህ ያስፈራል? ባሩዱ የሚነድበት ክፍተት ስለሚጠብ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይንራል። ለመለየት ከደህናዎቹ አንዱን ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አቁሙና ጫፋቸውን በዓይን ለኩ።

4. በደረቁ ጥረጉ። ጥጥ ጨርቅ ብቻ። ሎሚ፣ አመድ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ የናስ ማስወልወያ ፈሳሽ አይነካውም። ማስወልወያው ብዙ ጊዜ አሞኒያ አለበት፤ አሞኒያ ናስን ከውስጥ ይሰነጥቃል፣ ለጊዜው ግን እንደ ወርቅ ያበራዋል። የብርጭቆ ወረቀት ደግሞ ቀለሃውን ያሳሳል። የላብ ጨው የጣት አሻራችሁን ናሱ ላይ አትሞ ስለሚያስቀር ከጠረጋችሁ በኋላ በጨርቁ ያዙት።

5. ሣጥኑን ፈትኑ። ባዶውን ሣጥን ውስጥ የሶፍት ወረቀት አንጥፉ፣ ዝጉት፣ ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ድንጋይ ጭናችሁ 10 ደቂቃ አጥልቁት። ስታወጡት ከመክፈታችሁ በፊት ውጩን በደንብ አድርቁ፤ አለዚያ ከክዳኑ የሚንጠባጠበው ወረቀቱን አርሶ ያሳስታችኋል። ወረቀቱ ጥግ ላይ እንኳ ከራሰ ጎማው ሞቷል። የት እንደሞተ ለማግኘት ቀጭን ወረቀት በክዳኑና በአፉ መካከል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡ፤ በቀላሉ የሚንሸራተትበት ጎን ነው የሚያስገባው።

6. መምጠጫውንና ካርቶኑን አድርቁ። ካርቶኑ የሚረሳው ነገር ነው። በ20 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር እርጥበት ቢጠግብ 17 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል፤ 10 ሊትር ሣጥን ውስጥ ያለው አየር ታዲያ 0.2 ግራም እንኳ አይሞላም። በክረምት ደሴ ቤት ውስጥ የከረመ 200 ግራም ካርቶን ግን 20 ግራም ገደማ ውሃ ሊይዝ ይችላል። እርጥብ ካርቶን ሣጥን ውስጥ መዝጋት መቶ እጥፍ ውሃ አብሮ መቆለፍ ነው። በበጋ ፀሐይ ላይ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይዋል።

ሲሊካ ጄሉ የከረመ ከሆነ ጠጥቶ ጠግቧል። ፍሬውን ከከረጢቱ አውጡ፣ ምግብ በማይሠራበት መጥበሻ ላይ በቀስታ እሳት፣ 120 ዲግሪ አካባቢ፣ 2 ሰዓት አቆዩት። ቀለም የሚቀይረው ዓይነት ከሆነ ሰማያዊው ሲረጥብ ሮዝ፣ ሲደርቅ ተመልሶ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊ ቀለሙ የኮባልት መርዝ ስላለበት የእንጀራ ምጣድ ላይ አይሞከርም፣ ልጆችም አይንኩት። ከረጢቱ ጋር አትጥበሱት፣ ይነዳል። ከእሳቱ እንዳወረዳችሁ ደግሞ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ይቀዝቅዝ፤ ክፍት ከተተወ ያደረቃችሁትን መልሶ ይጠጣል።

7. እሸጉ። ጥይቱ በፋብሪካ ማሸጊያው ካለ አትክፈቱት፤ ከእናንተ ሥራ ይሻላል። የተፈታውን በ20 ወይም በ30 ከፍላችሁ በደረቅ ካርቶን ለዩ፤ ጫፉ ከሌላው መቀጣጠያ ጋር ፊት ለፊት አይግጠም፣ ውስጥም አይንከባለል። በካዝናና በዝናር እንዳለ አታስገቡ። ሲሊካውን ከላይና ከሥር ከፋፍላችሁ አድርጉ። ሣጥኑን የምትዘጉበትን ሰዓት ምረጡ፦ በደረቅ ወር፣ ፀሐይ ወጥታ ጉሙ ከተገፈፈ በኋላ፣ ከቀኑ 5 እስከ 9 ሰዓት ባለው ውስጥ። ሲዘጋ አብሮ የሚታሸገው የዚያ ሰዓት አየር ነው።

ላዩ ላይ ዓይነቱን፣ የማህተሙን ጽሑፍ፣ ብዛቱንና የታሸገበትን ቀን ጻፉ። የክላሽ 7.62 በ39 አንዱ ጥይት ከ16 እስከ 17 ግራም ስለሚመዝን 30ው ግማሽ ኪሎ ያህል ነው፤ በኋላ ሳትከፍቱ በሚዛን ብቻ መጉደሉን ታውቃላችሁ።

8. ቦታ ምረጡ። ከቤቱ ቀዝቃዛው፣ በቀንና በሌሊት መካከል ሙቀቱ ብዙም የማይለዋወጥበት ክፍል ነው የሚፈለገው። ጭቃ ቤት ከሆነ የውስጥ ግድግዳ አጠገብ፤ ፀሐይ የሚመታው የውጭ ግድግዳ አይሆንም። ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ሸሽቶ፣ ተቆልፎ፣ ከመሣሪያው ተለይቶ።

የክፍሉን እርጥበት ለማወቅ መሣሪያ ከሌላችሁ ጨው ይነግራችኋል። ማንኪያዋን ጨው በጠርሙስ ክዳን አድርጋችሁ ክፍሉ ውስጥ ክፍት አሳድሩ። የተጣራ ጨው የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ አካባቢ ሲያልፍ ያለቅሳል፤ ያልተጣራው ከዚያም ቀድሞ። በክረምት ሦስት ቀን ተከታትሎ ካለቀሰ ያ ክፍል አይሆንም ወይም ሣጥናችሁ በጣም አስተማማኝ መሆን አለበት። ጨዉን ከፈተናው በኋላ ከዚያ አርቁት፤ ብረትና ናስ ይበላል።

ከእነዚህ አርቁ፦

- ከጋጣና ከመጸዳጃ። የከብት ሽንት ሲበሰብስ አሞኒያ ይለቃል። አሞኒያና እርጥበት ሲገናኙ የናስ አንገት ይሰነጠቃል፤ 3ኛው ደረጃ ላይ ያልነው የፀጉር ስንጥቅ ዋነኛ ምንጩ ይህ ነው። ዩሪያ ማዳበሪያም እንዲሁ።
- ከበረኪና፣ ከባትሪ አሲድ፣ ከማድቤት ጢስ።
- ከጋዝ ሲሊንደርና ከናፍጣ።
- ከቆጥ። ከቆርቆሮ ሥር ያለው ቆጥ በኮምቦልቻ ቀትር እጅ አያስነካም፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ባሩዱን ሙቀቱ፣ ቀለሃውን ጠሉ ይከፋፈሉታል።

መሬት መቅበርስ? አይሆንም። የወሎ መሬት በክረምት ውሃ አዝሎ ይከርማል፤ የተቀበረው ይዝጋል፣ የቀበረው ይረሳዋል፣ የሚያገኘው ደግሞ የሚያርስ ሰው ወይም የሚጫወት ልጅ ነው።

9. ሲከፈት ጠል እንዳይዝ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሕጋዊ መንገድ ከዚያ ወደዚህ የዞረ ሣጥን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ውስጡ አሁንም ደሴ ነው። ወዲያው ከከፈታችሁት የኮምቦልቻ ሞቃት አየር ቀዝቃዛው ናስ ላይ ጠል ሆኖ ያርፋል፤ ቀዝቃዛ ብርጭቆ እንደሚያልበው። ተዘግቶ ይደር፤ ውጩ የክፍሉን ሙቀት ሲይዝ ክፈቱ። እዚያው ደሴም ቢሆን በጠዋት ብርድ ቀዝቅዞ ያደረ ሣጥን ውሃ በሚፈላበት ክፍል አይከፈትም።

10. በዓመት ሁለት ጊዜ እዩ። ግንቦት ላይ ክረምቱ ሳይገባ፣ ጥቅምት ላይ ክረምቱ ከወጣ በኋላ። ሁሉን አታውጡ፤ ከየምድቡ አምስት ስድስት በቂ ነው። ስትከፍቱ መጀመሪያ አሽትቱ። አፍንጫ የሚቆነጥጥ የአሲድ ሽታ ካለ ባሩዱ እየፈረሰ ነው፤ ቀላ ያለ ቡናማ ጢስ ከታየ ደግሞ አትነካኩት፣ ከክፍሉ ውጡና ፖሊስ ጥሩ። የደህናው ሣጥን ሲሊካ ሰማያዊ ከሆነ ዝጉ፤ ሮዝ ከሆነ አድርቁና ጎማውን እንደገና ፈትኑ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

ዘይት መቀባት። ጠብመንጃ ዘይት ይወዳል፣ ጥይት ይጠላል። ዘይት መቀጣጠያዋን ሊያከሽፍ ይችላል፣ አቧራ ይሰበስባል። ከዚህም በላይ የተቀባ ቀለሃ ሲተኮስ የበርሜሉን ግድግዳ መያዝ ስለሚያቅተው ምቱ ወደ ኋላ፣ ወደ መዝጊያው ይዞራል። የሞተር ዘይት፣ ግሪስ፣ ነጭ ጋዝ፣ የሚረጭ የዝገት ማላቀቂያ ሁሉም አንድ ናቸው።

በቆዳ ዝናር ማኖር። ቆዳ ሲለፋ የገባበት አሲድና ጨው እርጥበት ሲያገኝ ናሱን አረንጓዴ ያደርገዋል። ዝናር መያዣ እንጂ ማኖሪያ አይደለም።

ማታ አቀባብሎ ጠዋት ማውጣት። አንዱ ጥይት በየቀኑ ሲገባና ሲወጣ አረሩ ጥቂት በጥቂት ወደ ውስጥ ይገፋል። ክላሽ ላይ ደግሞ የመምቻው መርፌ ልቅ ስለሆነ በተቀባበለ ቁጥር መቀጣጠያዋን ነጥብ ያህል ይነካታል። ጥበቃ ላይ ያሉ ሰዎች ዘንድ ይህ የተለመደ ነው፤ ሁለት ሦስቴ የተቀባበለውን ምልክት አድርጋችሁ ለዩት፣ ከዚያ በኋላ አይቀባበል።

ፀሐይ ላይ ማስጣት። ጥይት በርበሬ አይደለም። ላዩ ብቻ የራሰ ካለ በጨርቅ ጠርጋችሁ በጥላ ይደር።

አንድ ተኩሶ መፈተን። ከተማ ውስጥ መተኮስ ያስጠይቃል፣ ሰውም ይገድላል። ፈተናውም ቢሆን አያስተማምንም፦ ከ100 ጥይት 5ቱ የተበላሹ ቢሆኑ አንዱን ስትተኩሱ «ደህና ነው» የሚል መልስ የማግኘት ዕድላችሁ 95 በመቶ ነው።

ቀለሃ ሞልቶ መጠቀም። አቅርቦት ሲቋረጥ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ይህ ነው፤ የሚሸጥላችሁም አይጠፋም። መቀጣጠያና ጢስ አልባ ባሩድ በቤት አይሠሩም፤ ያልታወቀ ባሩድ ጥቂት ቢበዛ መሣሪያውን ሊሰነጥቀው ይችላል። የተሞላ ጥይት የሚታወቀው አንገቱ በፒንሳ ተቧጥጦ፣ መቀጣጠያዋ ዳር ተመትታ፣ አንድ እሽግ ውስጥ የተለያየ ማህተም ተደባልቆ ነው። አትቀበሉት።

ጥይት ቢከሽፍ

ቃታ ተስቦ ዝም ካለ አፈሙዙ ሰው በሌለበት አቅጣጫ ይቆይ፣ ከመዝጊያው ጀርባም ፊታችሁን አርቁ። ጥይቱ ዘግይቶ ሊነድ ስለሚችል 60 ሰከንድ ጠብቁ፣ ከዚያ አውጡት። መልሳችሁ አትሞክሩት፤ ከማይተኮሰው ክምር ይግባ።

ይበልጥ የሚያሰጋው «ጭጭ» ያለው አይደለም፣ «ፑፍ» ያለው ነው። ድምፁና ምቱ ከወትሮው ካነሰ አረሩ በርሜል ውስጥ ተቀርቅሮ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ሌላ የተኮሰ ሰው በርሜሉ እጁ ላይ ይፈነዳል። አቁሙ፣ ባዶ አድርጉ፣ በማጽጃው ዘንግ በርሜሉ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ።

በብዙ አሮጌ የወታደር ጥይት መቀጣጠያ ውስጥ ክሎሬት አለ፤ ሲተኮስ በርሜል ውስጥ ጨው ይተዋል። ጨው በዘይት አይሟሟም። በፈላ ውሃ አጥቦ፣ ፈጽሞ አድርቆ፣ ከዚያ ዘይት። ይህን ያልሰማ ሰው በርሜሉን በዘይት ሲያሽ ከርሞ በሦስተኛው ቀን ዝገት ያገኛል።

እሳት ቢነሳ

በተናጠል እሳት ውስጥ የወደቀ ጥይት ይፈነዳል፣ ቀለሃው ይቀደዳል፣ ፍንጣሪው ቅርብ ያለውን ሰው ይጎዳል፤ አረሩ ግን ከመሣሪያ እንደተተኮሰ አይርቅም። ተቀባብሎ የተቀመጠ መሣሪያ እሳት ሲያገኘው ግን በሙሉ ኃይሉ ይተኩሳል። ለዚህ ነው 1ኛው ደረጃ ባዶ ማድረግ የሆነው። ወፍራም ብረት ውስጥ በብየዳ የታሸገ ጥይትም ግፊቱ መውጫ ሲያጣ እንደ ቦምብ ይሆናል፤ ክዳኑ ተቆልፎም ቢሆን በግፊት የሚከፈት እንጂ የተበየደ አይሁን። ቤት ሲቃጠል እሳት አደጋዎችን «ጥይት አለ፣ እዚህ ጋ ነው» በሏቸው።

የማይተኮሰውን ክምር ምን እናድርገው?

በአቅራቢያችሁ ላለ ፖሊስ አስቀድማችሁ ነግራችሁ፣ እነሱ በሚሏችሁ መንገድ አስረክቡ። እሳት ውስጥ መጣል፣ በመዶሻ መምታት፣ አረሩን በፒንሳ መንቀል፣ ቦርከና መወርወር የለም። ወንዙ የጣላችሁትን ታች ላለ ልጅ ያደርሳል።

ሜዳ ላይ የተገኘስ?

አቅርቦት ሲጠፋ ሰው መሬት ማየት ይጀምራል። በ2014 ዓ.ም ጦርነት ባለፈባቸው የደሴና የኮምቦልቻ ዙሪያ ማሳዎች፣ ገደሎችና ምሽጎች ውስጥ ያለ ማንኛውም ተተኳሽ አይነሳም። ትንሿ ጥይት አጠገብ የእጅ ቦምብ ወይም ያልፈነዳ የሞርታር ጥይት ሊኖር ይችላል፤ ተወርውሮ ወይም ተተኩሶ ያልፈነዳው ደግሞ ካልተተኮሰው የባሰ ነው፣ ማቀጣጠያው ነቅቶ በአንድ ንክኪ ላይ ቆሟል። ባላችሁበት ቁሙ፣ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፣ ከብቶቹንና ልጆቹን ከዚያ አርቁ። ቦታውን ከሩቅ በሚታይ ነገር አስታውሱ፦ ከየትኛው ዛፍ በየት በኩል፣ ከመንገዱ ስንት እርምጃ። ምልክት እናድርግበት ብላችሁ ድንጋይ አትወርውሩ፣ እንጨትም አትትከሉበት። ለቀበሌውና ለፖሊስ ተናገሩ፤ እስኪመጡ ድረስ ሌላ ሰው በዚያ እንዳያልፍ አንድ ሰው መንገዱ ላይ ይቁም።